ስም ሰጪው ፕሮፌሰር፦ የፈርዲናንድ ኮን ሕይወት

የመጽሔታችን አዘጋጆች ከየባቹ አንድ ሰው ስለሚያደንቀው ሰው እንዲጽፍ ሲጠይቁ፣ የእኔ ባች ልጆች ሥራውን ለእኔ አሸክመው ጸጥ አሉ። ስለ አንዱ መምህራችን ትጽፋለች ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ ይቅርታ። የምጽፈው ከሞተ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ስለሆነው፣ ሐኪምም ስላልነበረው ስለ ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ስለ ፈርዲናንድ ኮን ነው። ከላቦራቶሪ በሚመጣ ወረቀት ላይ «ባሲለስ» ወይም «ማይክሮኮከስ» የሚል ቃል ካነበባችሁ የእሱ ሥራ እጃችሁ ገብቷል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ኮን የወሰደኝ ግን መጽሐፍ ሳይሆን አንድ በሽተኛ ነው። ኢንተርን ሳለሁ፣ ክረምት ላይ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ለቀን ሥራ ከገጠር የመጣ ልጅ በከፍተኛ ትኩሳትና ብርድ ብርድ በማለት ገባ። ጣፊያው አብጧል። ስንት በሽተኛ ካየሁ በኋላ እንደሆነ አላስታውስም፤ ወረቀቱ ላይ ወባ ብዬ ጻፍኩና ውጤቱ ሳይመጣ የወባ መድኃኒት አስጀመርኩት። በማግስቱ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው የላቦራቶሪ ባለሙያ ሦስት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው መጡ። ምንም ሳይሉኝ ይዘውኝ ወረዱ፣ ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጡኝና ራቅ ብለው ቆሙ። በቀይ የደም ሕዋሳቱ መካከል ቀጫጭን ጥምዝምዝ ክሮች ተበትነዋል። የወባ ጥገኛ ግን የለም። ልጁ የያዘው የሚያገረሽ ትኩሳት፣ እኛ በተለምዶ ሪላፕሲንግ ፊቨር የምንለው፣ በልብስ ቅማል የሚተላለፈው በሽታ ነበር። ከስንት ሰው ጋር እንደሚተኛ አልጠየቅሁትም፤ የሸሚዙን ስፌት ገልጬ አላየሁም።

ፔኒሲሊን ተሰጠው። ሁላችሁም እንደምታውቁት ይህ በሽታ መድኃኒቱን ሲያገኝ መጀመሪያ ይብስበታል፤ ልጁ ሌሊቱን ተንቀጠቀጠ፣ ደም ግፊቱ ወረደ፣ እኛም ግሉኮስና ሳላይን እየቀያየርን አነጋን። ተረፈ። ሲሻለው ግን አጠገቡ ይተኛ የነበረው የአገሩ ልጅ በዚያው ዓይነት ትኩሳት ባለፈው ሳምንት እንደሞተ ነገረን። ያንን ሟች አላየሁትም፤ ወዴት ሄዶ እንደታከመም አላውቅም። ግን በሽታውን በስሙ የጠራለት ሰው እንዳልነበረ እገምታለሁ። እኔም የዚህኛውን ስም አሳስቼ ጽፌ ነበርና።

ያን ሰሞን ነው የእነዚያን ጥምዝ ክሮች ስም ማን እንዳወጣላቸው መፈለግ የጀመርኩት። መጀመሪያ በደም ውስጥ ያያቸው የበርሊኑ ወጣት ሐኪም ኦቶ ኦበርማየር ነው። በ1868 አይቷቸው በ1873 ግኝቱን አሳተመ፤ በዚያው ዓመት በኮሌራ ሞተ፤ ዕድሜው ገና ሠላሳ ነበር። በ1875 ደግሞ አንድ የዕፅዋት ፕሮፌሰር ለክሮቹ ስፓይሮኪት ኦበርማየሪ የሚል ስም አወጣላቸው፤ የሟቹ ስም እንዳይረሳ። ፕሮፌሰሩ ኮን ነበር።

ፈርዲናንድ ኮን በጥር 24 ቀን 1828 በብሬስላው ከተማ በአይሁዶች ሰፈር ተወለደ። ከተማዋ ያኔ የፕሩሲያ ነበረች፤ ዛሬ ቭሮትስዋፍ ተብላ የፖላንድ ናት። አባቱ ይስሐቅ ኮን በወቅቱ ገና ወጣትና ችግረኛ ነጋዴ ነበር፤ በኋላ ግን ሞላለት። ልጁ ከዕድሜው የቀደመ አእምሮ ነበረው፤ ገና በሁለት ዓመቱ ማንበብ እንደጀመረ ይነገርለታል። ቆይቶ ግን ጆሮው መስማት እየተሳነው ሄደና በትምህርቱ ቀድሟቸው የነበሩት እኩዮቹ ደረሱበት። ዓይን አፋርና ብቸኛ ልጅ ሆነ። ዕፅዋትን ማየት ጆሮ አይጠይቅም፤ ወደዚያው አዘነበለ።

ብሬስላው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዕፅዋትን ተማረ። ችግሩ መጨረሻው ላይ ነበር። ዩኒቨርሲቲው አይሁዳዊን ያስተምራል፤ ለዲግሪ ፈተና ግን አያስቀምጥም። ስንት ዓመት ተምረህ ወረቀቱ ለአንተ አይገባም መባል ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። በ1846 ወደ በርሊን ሄደ። እዚያ የዝነኛው የፊዚዮሎጂ መምህር የዮሐንስ ሙለርና የረቂቅ ሕያዋን ሊቁ የክርስቲያን ኤረንበርግ ተማሪ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት በኅዳር ወር፣ በ19 ዓመቱ፣ ዶክተር ተባለ።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ነው እንደ ቀድሞ ተማሪ የሚገርመኝ። ወደዚያው ወደ ብሬስላው ተመለሰ። በ1850 ፈተና ወደከለከለው ዩኒቨርሲቲ በሌክቸረርነት ገባ፣ በ1859 ረዳት ፕሮፌሰር፣ በ1872 ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ። እስከ ሞተበት ቀን ድረስም ያው ከተማ ነው የኖረው። አኩርፎ መቅረት ይችል ነበር፤ ማንም አይፈርድበትም። እሱ ግን ቦታውን እዚያው ሠራ።

የተመለሰው ባዶ እጁን አልነበረም። አባቱ የቪየናው የመነጽር ሠሪ የፕሎስል ሥራ የሆነ ትልቅና ውድ ማይክሮስኮፕ ገዛለት፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ ዩኒቨርሲቲው ራሱ አልነበረውም። ኮን በዚህ መሣሪያ በመጀመሪያ ያየው ባክቴሪያን ሳይሆን አልጌን ነበር። በ1850 ስለ አንዲት ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ ባወጣው ጥናት፣ በዕፅዋት ሕዋስ ውስጥ ያለው ሕያው ፈሳሽና በእንስሳት ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት ነገር መሆኑን ተከራከረ። ዛሬ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሚነገር ነገር ነው፤ ያኔ ግን ገና ክርክር ነበር። ቀጥሎም የአልጌዎችን አራባብና የሕይወት ዑደት አንድ በአንድ ተከታተለ። በ1853 ደግሞ በመጠጥ ውሃ ውስጥ ስለሚኖሩ ረቂቅ ሕያዋን ጻፈ፤ የከተማን የጉድጓድ ውሃ በማይክሮስኮፕ መመርመር ከጀመሩት ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

ከአልጌ ወደ ባክቴሪያ የተሻገረበት መንገድ ቀላል ይመስላል። ውሃ ውስጥ አልጌ ሲፈልግ ሁልጊዜ ባክቴሪያ ያገኛል። በዘመኑ እነዚህን ደቂቃን ብዙዎች እንደ ጥቃቅን እንስሳት ይቆጥሯቸው ነበር፤ መምህሩ ኤረንበርግ ሆድና አንጀት እንዳላቸው ሙሉ እንስሳት አድርጎ ገልጿቸዋል። ኮን ግን አስተዳደጋቸውንና አከፋፈላቸውን ሲያይ ቀለም የሌላቸው አልጌዎች መሰሉት። በ1854 ቦታቸው ከዕፅዋት ወገን፣ ከአልጌዎች ጎን ነው አለ። በባሕር ውሃ የሚኖሩትንም አልተወም፤ በ1865 ቤጂያቶዋ ሚራቢሊስ የተባለችውን ትልቅ ነጭ ክር መሳይ የባሕር ባክቴሪያ ስም ሰጥቶ ገለጸ። በእነዚህ ክሮች ውስጥ የሚያብለጨልጩት ቅንጣቶች ድኝ ናቸው። በ1866 የዕፅዋት ፊዚዮሎጂ ተቋም አቋቋመ፣ በ1870 የራሱን የምርምር መጽሔት ጀመረ። ይህ መጽሔት በኋላ ለሌላ ሰው የሚያደርገውን ውለታ ያኔ ማንም አያውቅም።

ዋናው ሥራው በ1872 ወጣ። በዚያን ጊዜ በባክቴሪያ ነገር የነበረውን ግራ መጋባት ለመረዳት የእኛን የድንገተኛ ክፍል ሰኞ ጠዋት አስቡት። አንዱ ሊቅ አንድ ስም ያወጣል፣ ሌላው ለዚያው ነገር ሌላ ስም ያወጣል። የባሰው ደግሞ፣ ካርል ኔጌሊን የመሰሉ ታላላቅ ሰዎች ባክቴሪያ ቋሚ ዝርያ የለውም፣ አንዱ ወደ ሌላው ይለዋወጣል ብለው ያምኑ ነበር። የቪየናው ታዋቂ ቀዶ ሐኪም ቢልሮት እንኳን በቁስል ውስጥ ያያቸውን የተለያዩ ቅርጾች ሁሉ የአንድ ፍጡር መልኮች ናቸው ብሎ በ1874 ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ አንድ በሽታ አንድ መንስኤ አለው ማለት ባልተቻለ ነበር። መንስኤው ዛሬ ክብ፣ ነገ ዘንግ፣ ከነገ ወዲያ ጥምዝ ከሆነ ምኑን ትመረምራለህ፣ ምኑን ታክማለህ?

ኮን ባክቴሪያም እንደ ማንኛውም ሕያው ነገር ወገንና ዝርያ አለው ብሎ ተነሣ። በቅርጻቸው በአራት ቤተሰብ፣ በስድስት ወገን መደባቸው። ክቦቹን ማይክሮኮከስ፣ አጫጭር ዘንጎቹን ባክቴሪየም፣ ቀጥ ያሉትን ረዣዥም ዘንጎች ባሲለስ፣ ወለብለብ ያሉትን ቪብሪዮ፣ ጥምዞቹን ስፒሪለም፣ እንደ ክር ቀጭንና እንደ ልብ የሚተጣጠፉትን ጥምዞች ደግሞ ስፓይሮኪት አለ። ከስሞቹ አንዳንዶቹ ከእሱ በፊትም ነበሩ፤ እሱ ግን ወሰን አበጀላቸው። የአባ ሰንጋን ዘንግ ባሲለስ አንትራሲስ ያለውም በዚያው ዓመት ነው።

ግን ደግሞ የቅርጽን ጉድለት ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ራሱ ነበር። ሁለት ባክቴሪያዎች በማይክሮስኮፕ አንድ መስለው አንዱ ቀለም ሊሠራ፣ ሌላው ሊያቦካ፣ ሌላው ሰው ሊያሳምም ይችላል። ስለዚህ ክቦቹን በሥራቸው ጭምር ከፋፈላቸው፤ ቀለም የሚሠሩ፣ የሚያብላሉ፣ በሽታ የሚያመጡ ብሎ። ምደባው ጊዜያዊ እንደሆነ አልደበቀም። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ በያዘው መረጃ ደፍሮ ስም ይሰጣል፣ የስሙን ድክመት ደግሞ አብሮ ይጽፋል። እኔ ያን ክረምት ወባ ብዬ ስጽፍ የጎደለኝ ሁለተኛው ነው፤ የጥያቄ ምልክት እንኳን አላደረግሁበትም።

በ1875 ባክቴሪያን ከሰማያዊ አረንጓዴ አልጌዎች ጋር በአንድ ትልቅ ወገን አስቀመጣቸው። ይህ ለብዙዎች እንግዳ ነበር። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የሕዋሳቸው ውስጣዊ አሠራርና የዘር መልእክታቸው ሲመረመር፣ እነዚያ አልጌዎች ራሳቸው ባክቴሪያ መሆናቸው ተረጋገጠ፤ ዛሬ ሳያኖባክቴሪያ እንላቸዋለን። ኮን ባክቴሪያዎቹን ዕፅዋት ማለቱ ስህተት ነበር፤ ጎረቤታቸውን ግን አልሳተም።

1876 ለእሱ የበረከት ዓመት ነበር። ያኔ ሕይወት ከሕይወት አልባ ነገር በራሷ ትፈልቃለች የሚሉ ሰዎች ጠንካራ ማስረጃ ነበራቸው፤ የድርቆሽ ውሃ አፍልተህ ብትዘጋውም ከቀናት በኋላ በባክቴሪያ ይሞላል። ኮን የድርቆሹን ባክቴሪያ፣ ባሲለስ ሰብቲሊስን፣ ተከታተለው። ዘንጎቹ በውስጣቸው የሚያብረቀርቁ ሞላላ ቅንጣቶች ሲሠሩ፣ ቅንጣቶቹም ፍላቱን ተቋቁመው ሲቆዩ፣ በኋላ አመቺ ሁኔታ ሲያገኙ እንደገና ዘንግ ሆነው ሲበቅሉ አየ። ስፖር የምንለው ነገር ነው። ከምንም የፈለቀ ሕይወት አልነበረም፤ ሳይሞት የቆየ ሕይወት እንጂ። ዛሬ የቀዶ ሕክምና ዕቃ በማፍላት ብቻ አይበቃም ብለን አውቶክሌቭ ውስጥ በ121 ዲግሪ የምናስገባው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር አንድ ደብዳቤ መጣለት። ጸሐፊው ቮልሽታይን በምትባል ትንሽ ከተማ የሚሠራ የ32 ዓመት የወረዳ ሐኪም ነው። ላቦራቶሪ የለውም፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚያውቀው የለም። የአባ ሰንጋን ባክቴሪያ ሙሉ የሕይወት ዑደት አግኝቻለሁ፣ መጥቼ ላሳይዎት ይላል። ስሙ ሮበርት ኮኽ ነበር። ኮን እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች ከአማተሮች ብዙ ይደርሱት ስለነበር ትልቅ ነገር አልጠበቀም። ቢሆንም ና አለው። ደብዳቤው የተጻፈው ሚያዝያ 22 ቀን ነው፤ ሚያዝያ 30 ቀን ኮኽ አይጦቹንና ስላይዶቹን ይዞ ብሬስላው ተቋሙ ውስጥ ቆሞ ነበር። ስምንት ቀን ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ አሳየ። ኮን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ፊቱ የቆመው ማን እንደሆነ ገባው። የፓቶሎጂው ፕሮፌሰር ኮንሃይም መጥቶ ካየ በኋላ ረዳቶቹን ሥራቸውን ጥለው ሄደው እንዲያዩ ላካቸው። ኮንም የኮኽን ጥናት በዚያው ዓመት በራሱ መጽሔት አሳተመለት፤ የእሱ የስፖር ጥናትና የወረዳው ሐኪም የአባ ሰንጋ ጥናት በአንድ ቅጽ ውስጥ ወጡ። ልብ በሉ፣ ሁለቱ ሰዎች አንድ ነገር ላይ ነበሩ። ኮን ስለ ባሲለስ ስፖር በዚያ ዓመት የሚወጣ የራሱ ሥራ ነበረው። ቀዳሚነት ያሳሰበው ፕሮፌሰር ቢሆን ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ አያቅተውም ነበር።

ኮን ያልነበረውን መሣሪያ በኋላ ያመጡት የኮኽ ሰዎች ናቸው። ባክቴሪያን በትክክል ለመመደብ አንዱን ከሌላው ለይቶ ብቻውን ማሳደግ ያስፈልጋል። ተማሪው ዮሴፍ ሽሮይተር በኮን ተቋም ውስጥ በድንች ቁራጭ ላይ ባለ ቀለም ባክቴሪያዎችን ለያይቶ ማሳደግ ችሎ ነበር፤ ድንች ላይ የማይበቅለው ግን ብዙ ነው። ኮኽ ጄላቲን ተጠቀመ፤ ጄላቲን ደግሞ በሰውነት ሙቀት ይቀልጣል። መፍትሔው በ1881 ከወጥ ቤት መጣ። በኮኽ ላቦራቶሪ የሚሠራው የቫልተር ሄሰ ባለቤት ፋኒ ሄሰ ጣፋጭ ለማርጋት የምትጠቀምበትን አጋር እንዲሞክር ነገረችው። አጋር የሚወጣው ከቀይ የባሕር አልጌ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ በየላቦራቶሪያችን ሳህን ውስጥ ያለው እሱ ነው።

የምደባውም ሥራ አላለቀም። ዛሬ በባሕር አልጌ ላይ አዲስ ባክቴሪያ ያገኘ ሰው ቅርጹን አይቶ ብቻ ስም አያወጣም። የ16ኤስ ራይቦሶማል ዘረመሉን አንብቦ የቅርብ ዘመዶቹን ይፈልጋል፣ ሙሉ ጂኖሙን ያነጻጽራል፣ የሚበላውንና የማይበላውን ይፈትናል፣ ሕያው ናሙናውንም በሁለት የተለያዩ አገሮች ባሉ ስብስቦች ያስቀምጣል፤ የተጠራጠረ ሁሉ ወስዶ እንዲያየው። በፈረንሳይ ብሪታኒ የባሕር ዳርቻ ከቀይ አልጌ የተገኘችው ዞቤሊያ ጋላክታኒቮራንስ በ2001 የተሰየመችው በዚህ መንገድ ነው፤ አጋርን ራሱን ቆርጣ ትበላለች። በ2010 የወጣ ጥናት ደግሞ በእሷና በዘመዶቿ ዘንድ ያለው የባሕር አልጌ መፍጫ ዘረመል፣ የባሕር አልጌ በሚበሉ ጃፓናውያን አንጀት ውስጥ ባለ ባክቴሪያ እንደተገኘ አሳየ። የዕፅዋት ተመራማሪ ሥራ እኛን ሐኪሞችን አይመለከትም የሚል ካለ ይህን ያስታውስ።

ኮን በ1867 ፓውሊነ ራይኽንባኽን አገባ። ከ1876 በኋላ የባክቴሪያውን ዘርፍ ቀስ በቀስ ለነኮኽ ትቶ ወደ ዕፅዋቱ አዘነበለ፤ ለተራው አንባቢም ስለ ዕፅዋት ጻፈ። በ1885 ከኔዘርላንድስ የሌወንሁክን ሜዳልያ ተቀበለ፤ ከእሱ ቀጥሎ፣ በ1895፣ ሜዳልያውን የወሰደው ፓስተር ነው። በ1897 ከተማው የክብር ዜጋ አደረገው፤ በአይሁዶች ሰፈር የተወለደውን፣ ለፈተና ያልተፈቀደለትን ልጅ። በሰኔ 25 ቀን 1898 በ70 ዓመቱ እዚያው ሞተ፤ መቃብሩም በከተማው አሮጌ የአይሁዶች መካነ መቃብር ይገኛል።

ለኦበርማየር መታሰቢያ ያወጣው ስም ግን አልዘለቀም። ዛሬ ባክቴሪያው ቦሬሊያ ሪከረንቲስ ነው የሚባለው። ኮን በዚህ የሚከፋ አይመስለኝም፤ ስም በተሻለ ማስረጃ ሲለወጥ ሥራው መቀጠሉን ያሳያል። ያሳዘነኝ ሌላ ነገር ነው። በሽታው ከአብዛኛው ዓለም ጠፍቶ ዛሬ በዋናነት የቀረው በእኛ በአፍሪካ ቀንድ፣ በተለይም በብርዳማው ደጋችን፣ ተጨናንቀው በሚተኙ የቀን ሠራተኞችና የጎዳና ልጆች መካከል መሆኑ።

ይህን የምጽፈው የማደንቀውን ሰው ስለምመስል አይደለም። ባለፈው ክረምት ከአንድ ጤና ጣቢያ አንድ ወጣት ጤና መኮንን በስልኩ ያነሣውን የስላይድ ፎቶ ላከልኝ። ወባ ተብለው መድኃኒት ያላዳናቸው ሦስት ሠራተኞች አሉ፣ እስቲ ይዩልኝ ይላል። ፎቶው ደብዛዛ ነው፣ እኔም ሥራ በዝቶብኝ ነበር፤ ኋላ አየዋለሁ ብዬ ተውኩት። ከፍቼ ሳየው አሥራ አንድ ቀን አልፎ ነበር። አጉልቼ ሳየው ክሮቹ እዚያው ነበሩ። ደነገጥኩና ደወልኩለት። መልስ ሲያጣ መጽሐፍ ገልጦ፣ ልብሳቸውን አስፈትሾ፣ ራሱ አክሟቸዋል፤ ሦስቱም ድነዋል። አልተቀየመኝም። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ስምንትንና አሥራ አንድን ሳነጻጽር አመሸሁ። አንዱ የዘመኑን ክርክር በትከሻው የተሸከመ ፕሮፌሰር ነው፣ ሌላዋ ፎቶ ለመክፈት ጊዜ ያጣች ሐኪም።

ጋሼ ጡረታ ከወጡ ቆዩ። ለበዓሉ ይመጣሉ ብለውኛል፤ የኛ ባች ልጆች አጠገባቸው ወንበር ያዙልኝ። ጤና መኮንኑንም ጋብዤዋለሁ፤ ስላይዶቹን ይዞ ይመጣል። መምህራኖቻችን በዚያ ቀን ጠዋት የላቦራቶሪውን በር ክፍት ብታደርጉልንና አንድ ማይክሮስኮፕ ብታውሱን፣ ልጁ ያየውን ቆሞ ያሳየናል።